ተጭኖ መልቀቅ

መካኒኩ ቁልፍ ከተጫነ አይለቅም። ግትርነት ነው የሚሉ አሉ፤ ሥራው ነው ያስለመደው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ሊፍት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠገነው ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ተቁሞ ነው። ከላይም ጨለማ፣ ከታችም ጨለማ። በእጁ የሚይዛት ትንሽ መቆጣጠሪያ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው፤ ጣቱ እስከተጫናት ድረስ ሊፍቱ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ከተነሳ ባለበት ቀጥ ይላል። ስለዚህ የፈለጉት ፎቅ እስኪደርሱ ይዞ መቆየት ነው። የሥራ ባልደረቦቹ “ላይ ታች” የሚል ስም አውጥተውለታል። ሚስቱ ግን “ሰውዬው” ነው የምትለው፤ ስትቆጣም “ሰውዬው”፣ ስትስቅም “ሰውዬው”።

ሚስቱ ቅድ አውጪ ናት። ጨርቅ በመቀስ ከመነካቱ በፊት የእጅጌው፣ የጀርባው፣ የኮሌታው ልክ መሳል አለበት፤ ያንን የምትስለው እሷ ናት። ድሮ በወረቀትና በእርሳስ ነበር፣ ኋላ ኮምፒውተር መጣ። ከዚያ ወዲህ የሳለችው ሁሉ ያለው ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር በተቀመጠው ጥቁር ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ሲነሳ ያቃስታል፣ ሲሞቅ ያፏጫል። አዲስ እንግዛልሽ ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። ትከሻዬን የሚያውቀው እሱ ነው ትላለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ባሏ ጠይቆ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ቀኝ እጇ ከዳት። መርፌ ትይዝና ሳታውቀው ትጥላለች። ኩባያ ታነሳለች፣ እጇ ያነሳውን ይረሳዋል። ሐኪሞች አንገቷ ላይ ያለ አጥንት ነርቭ እየተጫነ ነው አሉ፤ ቀዶ ሕክምናው እብጠቱ እስኪቀንስ ይቆይ፣ እስከዚያ አንገቷ ታስሮ በጀርባዋ ትተኛ አሉ። ሆስፒታሉ ከተማው ማዶ ነው። ጠያቂ የሚገባው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃ ቢያልፍ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። መካኒኩ ለዚች ሁለት ሰዓት ሲል ከሥራ ሮጦ፣ እጁን ከቅባት ታጥቦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይደርሳል።

ሐኪሟ ትንሽ ተስፋ ሰጥቷት ነበር። “እጅሽ በቀን አንዳንድ ጊዜ ይመለስልሻል፤ በዚያች ሰዓት ሥሪበት። ካልሠራሽበት እየራቀ ይሄዳል” አላት። እውነትም በቀን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ድንዛዜው ጋብ ይላል። መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቆይታው ቢበዛ አንድ ሰዓት።

ለመሥራቱ መላ ነበራት። ከአልጋዋ በላይ በብረት ክንድ የተንጠለጠለ ታብሌት አላት፤ ታብሌቱ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከሩቅ ይከፍታል፤ እሷ እዚያ በእስክሪብቶ ስትስል መስመሩ እዚህ ቤት ስክሪን ላይ ይወጣል። ብቻ ኮምፒውተሩ በርቶ መገኘት አለበት። መካኒኩ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አብርቶላት ይሄዳል፤ ረፋድ ላይ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይመለስም፤ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን እንደተኛ ይቀራል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው የለም። እጇ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ተኝቷል። እሱ ማታ ሲያበራው እጇ ሄዷል።

“ዛሬም መጥቶልኝ ነበር” አለችው አንድ ቀን፣ ጣሪያውን እያየች። “አንድ ሰዓት ሙሉ። ጣሪያው ላይ በአየር ስስል ቆየሁ።”

አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ወደ ቤት ሲመለስ እንዲህ ሲል አሰበ፦ እኔ ሕንጻ ሙሉ ሰው የሚጠራውን ሊፍት ከአሥራ አራተኛ ፎቅ የማወርድ ሰውዬ፣ አንድ ኮምፒውተር ከከተማ ማዶ መቀስቀስ ያቅተኛል?

በማግስቱ የሠፈሩ ማዕዘን ላይ ወዳለችው ሞባይል ሠሪ ሄደ። ወጣት ናት፤ አንድ ዓይኗ ላይ ማጉሊያ መነጽር፣ አፏ ላይ የማያልቅ ወሬ። መካኒኩ ከቦርሳው ከፈረሰ ሊፍት የነቀለውን የቡጢ ያህል ሪሌ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ጣት ማለት ነው፤ ትዕዛዝ ሲደርሰው ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ ሲበቃው ይለያያቸዋል።

“ጋሼ፣ ይሄ ምን ሊያነሳልዎት ነው? ቤቱን ነው?”

“ኮምፒውተር።”

“በዚህ ከሆነ ኮምፒውተሩም ጎረቤቱም ነው የሚነሳው።” መሳቢያዋን ከፍታ የክብሪት ቀፎ እንኳ የማታህል ሰማያዊ ሪሌ አወጣች፤ ከእሷ ጋር በዋይፋይ የምትሠራ ቀጭን ቦርድ። “ዕቃው ይሄ ነው። ከቁልፉ ሽቦ ጎን ትገባለች። በእጅ ሲጫኑትም ይሠራል፣ በዚህም ይሠራል። ፕሮግራሙን እኔ እጽፍልዎታለሁ። ሪሌዋ ምን ያህል ጊዜ ትጫን?”

“ኮምፒውተሩ ተነሥቻለሁ ብሎ መልስ እስኪሰጥ።”

ልጅቷ ማጉሊያዋን ወደ ግንባሯ ገፋች። “ይዛ ትቆይ?”

“ይዛ ነዋ። ከመሃል ከለቀቀችው ይቆምብናል።”

ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ በእርግጠኝነት ሲናገር ማን ይከራከራል። ልጅቷም ትከሻዋን ሰበቀችና እንዳላት ጻፈችው።

ቅዳሜ የእረፍት ቀኑ ነበር። መጋረጃውን ገለጠ፣ የኮምፒውተሩን ጎን በካቻቢቴ ፈታ፣ በቀለም ብሩሽ አቧራውን ጠረገ። ከፊት ካለው ቁልፍ የመጡትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አገኛቸው፣ ጎናቸው የራሱን ሁለት ሽቦዎች አያያዘ። ቦርዷንና ሪሌዋን ክዳን ባለው የፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አስተኛቸው፤ የሳሙናው ውሃ እንዲወርድ የተበሱት ቀዳዳዎች ለአየር ሆኑ። ኃይሉን ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ሰጣት። ሥራው ሲያልቅ ክፍሉ የሳሙና ሽታ ሸተተ። ለሚስቱ ደወለ።

“በይ ንኪው።”

ከተማው ማዶ እሷ በግራ እጇ ሞባይል ሠሪዋ ታብሌቱ ላይ የላከችላትን ቀይ ክብ ነካች። ሳሙና ዕቃው ውስጥ ‹ቀጭ› አለ። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ አረንጓዴው መብራት በራ፣ ማራገቢያው ዞረ። መካኒኩ ሳያስበው ፈገግ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ደጋግመው ሞከሩ። ይነሳል፣ አራት ይቆጠራል፣ ይጠፋል። ሽቦውን ፈታ፣ አሰረ፣ ለካ። እሑድን እንዲሁ ዋለ። ሰኞ ከሥራ በፊት ሞከረ፣ ያው ነው። ሃያ ዓመት የሳለችውን አቃጥዬባት ይሆን የሚል ሐሳብ መጣበት። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል የገባው ፊቱ ጠቁሮ ነው።

“ምን ሆነሃል?”

“ገደልኩብሽ መሰለኝ” አለ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፤ ምንም ሳይደብቅ ነገራት። ሪሌው፣ ሳሙና ዕቃው፣ ተጭኖ መያዙ፣ አራቱ ሰከንድ።

ሚስቱ አንገቷ ታስሯልና መዞር አትችልም፤ ዓይኗን ብቻ ወደ እሱ መለሰች። ከዚያ ትስቅ ጀመር። ያን ሁሉ ሳምንት ያልሳቀችውን በአንድ ጊዜ ሳቀችው፣ የአንገቷ ድጋፍ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

“ሰውዬው፣ ጣትህን አልለቀቅክም እኮ።”

“እ?”

“ኮምፒውተር ነክተኸው ነው የምትለቀው። አራት ሰከንድ ከያዝከው፣ ሙት ያልከው ይመስለዋል። ስንቴ ሲደርቅብኝ እንዲያ ይዤ አጥፍቼዋለሁ። ሊፍት መሰለህ እንዴ?” ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትንፋሿን ሰበሰበች። “እናቴን መጀመሪያ ቀን ስትጨብጣትም እንደዚሁ ነበርክ። ይሄ ልጅ እጄን መልሶልኝ ይሄድ ይሆን ወይ ብላ እስክትሠጋ።”

እሱም ሳቀ። ገደልኩት ያለው ነገር አልሞተም፣ እሷም ስቃለች፤ ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው።

ሞባይል ሠሪዋ ግማሽ ሰከንድ ተጭና እንድትለቅ ላድርጋት አለች። እዚህ ላይ ሚስት ከአልጋዋ ሆና እንቢ አለች። “ራሷ አትልቀቅ። እኔ ስጫን ትጫን፣ እኔ ስለቅ ትልቀቅ። ጣቴ ምን እንደሚሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ።” እንዳለችው ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ማዶ ያለው ጣቷ ቀዩን ክብ ሲነካ ሳሙና ዕቃው ውስጥ ያለው ጣት ይጫናል፣ ሲነሳ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ለመካኒኩ ሕልም መሳይ ነበሩ። በእነዚያ ሳምንታት ተረኛ የሆነበት ሕንጻ ከቤቱ ሁለት ፌርማታ ብቻ ስለሚርቅ ምሳውን ቤት መብላት ጀመረ። መጀመሪያ ቀን ዳቦውን በእጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ሳለ ‹ቀጭ› የሚል ሰማ፤ ቀጥሎ ያ የለመደው ማቃሰት። ባዶ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ ቆመ። ስክሪኑ በርቶ ነጭ ሆነ፤ ነጩ ላይ ቀስት ብቅ አለች፣ ዞር ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ አንድ መስመር ተወለደ። ቀስ እያለ ወጣ፣ ጎበጠ፣ ወረደ። የማይታይ ሰው ወንበሯ ላይ ቁጭ ብሎ እየሳለ ነበር።

በማግስቱ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ እጇ በዚያ ሰሞን ብዙውን ጊዜ ምሳ ላይ ይመጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንበር ስቦ ከወንበሯ ጎን ተቀመጠ፣ የእሷን ወንበር ባዶ ተወላት። የቀትር ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ ወለሉ ላይ ትተኛለች፣ ማራገቢያው እፍ እፍ ይላል፣ ከጎረቤት አንዲት ሴት ልብስ ስታሰጣ የገመዱ ጩኸት ይሰማል፤ መስመሩም ይሄዳል። አንዳንዴ ቆም ትላለች፣ ሐሳብ ይዟት ነው። አንዳንዴ የሳለችውን ታጠፋለች፣ እሱም ምላሱን መጥጦ “ምን ሆነ? ደህና ነበር እኮ” ይላታል። እንደማትሰማው ነው የሚያስበው። ግን ከመቀመጡ በፊት ፀጉሩን ማበጠር ጀመረ።

ሆስፒታል ሲገናኙ አያነሳውም። “ሠራሽ ዛሬ?” ይላል፤ “ትንሽ ሞካከርኩ” ትላለች። ምን እንደምትስል አልነገረችውም፣ እሱም አያለሁ አላላትም። ሌባ የሆነ መሰለው፤ ጣፋጭ ሌብነት ሆነበት።

የምትስለው ኮት ነበር። የወንድ ኮት። ቀኝ እጅጌው ወጣ፣ ኮሌታው ወጣ፣ ጀርባው ላይ ስትደርስ ደግሞ መካኒኩ የሆነ ስህተት አየ። የግራው ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ብሏል። እጇ መበላሸት ጀመረ ማለት ነው ብሎ ደነገጠ። በማግስቱ ጎኑ ላይ ማስታወሻ ተጽፎ አገኘ፤ ቅድ አውጪዎች ለቆራጩ እንደሚጽፉት፦ “ግራ ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ።” መካኒኩ ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ያዘው። የመሣሪያ ቦርሳውን ሠላሳ አንድ ዓመት የተሸከመበት ትከሻ ነው። የገዛው ኮት ሁሉ በዚያ በኩል የሚሸበሸብበት፣ ፎቶ ላይ የወደቀ ነገር የሚያስመስለው። ማንም አያይብኝም ይል ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት መስመሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥ ብሎ መውረድ ያለበት ይባዝናል። በስድስተኛው ሳምንት ሪሌዋ ሦስት ቀን ዝም አለች። መካኒኩ ዳቦውን ይዞ ጠፍቶ የተቀመጠውን ስክሪን ሲያይ ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኮቱ የግራ እጅጌው እንደጎደለ ነው።

ሐኪሙ ጠራቸው። ሽንገላ አያውቅም። “እንግዲህ መጠበቅ አይቻልም፤ ከነገ ወዲያ እንገባለን። እጇን እመልሳለሁ ብዬ አልምልም። ነርቩ ቆይቷል። ወይ ይመለሳል፣ ወይ እንዲሁ ይቀራል፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ እናውቃለን” አለ።

ሐኪሙ ወጣ። እሷ፣ “ያን ረፋድ እዚህ እንዳትመጣ” አለችው።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ደጅ ላይ አትሄድ ነገር፣ አያስገቡህ ነገር፣ የሆስፒታሉን ሊፍት ጩኸት ስትሰማ ቆሽትህ ሲያርር ልትውል ነው? ቤት ሁን። ክፍሌ ውስጥ ሁን። እጄ ካለ በጣቴ እጠራሃለሁ።”

“ባይኖርስ?”

“ባይኖር አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለህ፣ አንተ ትይዝልኛለህ። መያዝ እንደሆነ ታውቅበታለህ።”

ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት አጠገቧ ተቀመጠ፤ ተኝታ ነበር፤ ቀኝ እጇ አንሶላው ላይ ተዘርግቶ እሷ የረሳችው ዕቃ ይመስል ነበር። በማግስቱ ከሥራው ፈቃድ ወሰደ።

ጠዋት ክፍሉን ጠረገ። የሳሙና ዕቃውን ክዳን ከፍቶ ሽቦዎቹን አየ፣ ዘጋው። ዋይፋዩ መኖሩን ሁለቴ አረጋገጠ። ከዚያ ከወንበሯ ጎን ባለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ገባች። የጎረቤት ገመድ ጮኸ። አራት ሰዓት ሆነ። ጆሮውን ቀስሮ ሳለ ሐሳብ ይዞት ሄደ፤ የረጅም ሕንጻ ሊፍት ጣሪያ ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ሲወጣ፣ በየፎቁ በር ስንጥቅ ብርሃን ፊቱን ዳስሶት ሲያልፍ፣ እላይ የሆነ ሰው ቆሞ ሲጠብቀው።

‹ቀጭ›።

ብድግ አለ። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ አረንጓዴው በራ። “መጣሽ” አለ ጮክ ብሎ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ድርግም።

ቆመ። መብራት ሄዶ እንዳይሆን የጣሪያውን አምፖል አየ፤ በርቷል። እንደገና ‹ቀጭ› አለ። በራ። አንድ፣ ሁለት። “ልቀቂ” አለ። ሦስት። “ልቀቂው እንጂ የኔ እናት።” አራት። ጠፋ።

ያኔ ገባው። ጣቷ ክቡ ላይ ወድቋል፣ መነካቱን አያውቅም፣ መነሳት እንዳለበትም አያውቅም። ሥጋ ብቻ ነው የተጫነው። ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ወንበሯን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ያን ሁሉ ዓመት በእርሳስና በእስክሪብቶ ቤት ያቆመውን እጅ፣ ቁልፍ እንኳ መልቀቅ የተሳነውን እጅ እያሰበ አለቀሰ።

‹ቀጭ› አለ ለሦስተኛ ጊዜ። ወዲያው ደግሞ፣ ገና አንድ ሳይል፣ ሌላዋ ድምፅ፣ ሪሌዋ ስትለቅ የምታሰማት ትንሿ ‹ጭ›።

ኮምፒውተሩ አቃሰተ። አራት ተቆጠረ። አምስት። አሥር። አልጠፋም። ስክሪኑ ነጣ፣ ኮቱ ወጣ፣ ቀስቷ መጥታ ከኮቱ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ላይ ቆመች። ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ነው። ፊደል ተራ በተራ መውጣት ጀመረ፣ ገና መጻፍ የሚማር ሕፃን እጅ የጻፈው የሚመስል፣ ትልቅና ጠማማ።

“እንዳንተ ያዝኩት።”

ከሥሩ፣ ከቆይታ በኋላ፣ “እዛ ጎን ተቀምጠህ እንደምታየኝ አውቃለሁ። ወንበርህ ሲሳብ የኮምፒውተሩ ማይክ ያሰማኛል።”

መካኒኩ ሳቀ፣ እንባው ገና አልደረቀም። በስድስት ሳምንት ውስጥ “ደህና ነበር እኮ” ያላት ሁሉ፣ የመጠጠው ምላስ ሁሉ ትዝ አለውና ጆሮው ድረስ ቀላ። መጀመሪያ ሁለቴ ይዛ መቆየቷ እውነት ቀልድ ነበር ወይስ ጣቷ እንቢ ብሏት ነው? በኋላም ጠይቋት አያውቅም።

ቀስቷ ከፊደሎቹ ተነስታ ወደ ኮቱ ሄደች። የግራው ትከሻ ጫፍ ላይ ቆመች፣ የጎደለው እጅጌ ከሚጀምርበት። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተሳሳተ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተጀመረ። መካኒኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና እንዳይታወቅበት ያህል ትከሻውን ቀና ለማድረግ ሞከረ። ከዚያ ተወው፤ ቅዱ እንዳይሳሳትባት።